ፒካፑ ምን ይተነፍሳል? ካታሊቲክ ከመግዛታችን በፊት

ገባኝ! ከፒካፕ ሆድ ሥር፣ በሞተሩና በማርሚታው መካከል የተንጠለጠለው ያ ያበጠ ቆርቆሮ፣ ማለትም ካታሊቲኩ፣ ምን እንደሚሠራ በመጨረሻ ገባኝ። ከገባኝ ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳላስረዳ ማለፍ አቅቶኛል፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ፣ ሻምቡም ሆነ ደምቢ ዶሎ ፒካፕ የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ጋራዥ ገብቶ "ካታሊቲኩ ሞቷል፣ ይቀየር" ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ ሁላችንም መጀመሪያ "ስንት ነው?" እንላለን፤ ቀጥለን "ቧንቧው ይገጥማል ወይ?" ብለን እንጠይቃለን። ከሁለቱም መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። አሁኑኑ ብነግራችሁ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ትንሽ ታገሱኝ፣ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ከቤንዚን እንጀምር። ቤንዚን ማለት ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ሞተር ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ካንዴላው እሳት ሲለኩስበት፣ ካርቦኑ የአየሩን ኦክስጅን ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሃይድሮጅኑም ኦክስጅን ይዞ ውሃ ይሆናል። አዎ፣ ውሃ! ብርድ ባለበት ጠዋት መኪና ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው። ነዳጅ እየቀዳን ውሃ ስናንጠባጥብ ኖረናል!

ቃጠሎው ሁልጊዜ እንዲህ በንጽህና ቢያልቅ ኖሮ ካታሊቲክ የሚባል ዕቃ ባልተፈጠረ። ግን ለቃጠሎው የሚሰጠው ጊዜ የሰከንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ሥራው ሳይጠናቀቅ ቫልቩ ይከፈትና ሦስት ጥፋተኞች ተያይዘው ይወጣሉ።

አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። እሱን እናውቀዋለን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን ሳይቀሰቅስ የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ካርቦኑ ሁለት ኦክስጅን ማግኘት ሲገባው አንድ ብቻ ደርሶት የወጣ ነው። ሁለተኛው ሳይቃጠል ያመለጠ ነዳጅ ነው፤ እሱም የጎደለው ኦክስጅን ነው። ሦስተኛው ግን ይገርማል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በተለመደው ሁኔታ ከማንም ጋር የማይደርስ ጨዋ። ሞተር ውስጥ ግን ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሲያልፍ ሳይወድ በግድ ከኦክስጅን ጋር ይጣበቅና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሆናል። ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበልና ሦስቱን አስተያዩ። ሁለቱ ኦክስጅን ጎድሏቸዋል። ሦስተኛው የማይገባውን ኦክስጅን ይዟል። አያችሁት? አንዱ የተረፈው ነገር ሌሎቹ የጎደላቸው ነው! ከናይትሮጅኑ ላይ ኦክስጅኑን አላቅቀን ለካርቦን ሞኖክሳይዱ ብንሰጠው፣ ናይትሮጅኑ ወደ ድሮው ጨዋነቱ ይመለሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም መርዝነቱ ይቀርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በአንድ እርቅ ሁለት ጥፋት ይጠፋል። እኔ ነገሩ የገባኝ እዚህች ጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ችግሩ ጋዞቹ ቧንቧ ውስጥ ጎን ለጎን እየሮጡም በራሳቸው አይታረቁም። ሽማግሌ ያስፈልጋል። ወለጋ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ጃርሳ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌዎቹ፣ ኦዳ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ የያዘውን እንዲለቅ፣ ሌላው የጎደለውን እንዲያገኝ ያደርጋሉ፤ ከዚያ መርቀው ይሸኟቸዋል። ሽማግሌው ራሱ ከእርቁ ምንም አይወስድም፣ አያልቅም፤ ቀጣዮቹ ባለጉዳዮች ሲመጡ እዚያው ተቀምጦ ያገኙታል። ካታሊቲኩ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ሦስት ብረቶች ናቸው፦ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም። ፕላቲነምና ፓላዲየም ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ያመለጠውን ነዳጅ ከኦክስጅን ጋር ያገናኛሉ። ሮዲየም ደግሞ ከናይትሮጅኑ ላይ ኦክስጅን የማላቀቁን ከባድ ሥራ ይይዛል። ጋዙ ብረቱ ላይ ለቅጽበት ያርፋል፣ ይለወጣል፣ ይሄዳል። ብረቱ እንዳለ ይቀራል!

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። ፕላቲነም የሚባለው ይህ ብርቅ ብረት ከኢትዮጵያ ምድር የሚገኘው የት ይመስላችኋል? ዩብዶ! ምዕራብ ወለጋ፣ ከጊምቢ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በቢርቢር ወንዝ አካባቢ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1920ዎቹ ጀምሮ አፈሩ እየታጠበ ፕላቲነም ወጥቶበታል። ሉዊ ዱፓርክ የተባለ የጄኔቫ የድንጋይ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ቦታውን አጥንቶ፣ እዚያ ያገኙትን ቡናማ ድንጋይ በ1927 "ቢርቢራይት" ብለው ለዓለም አስተዋወቁት። ከገባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሮን የሚፈጥረው የኛው ቢርቢር በጂኦሎጂ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ የተጻፈው በፕላቲነም ምክንያት ነው። ዛሬ የዓለምን ፕላቲነም በብዛት የምታወጣው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ የአንድ መኪና ካታሊቲክ የሚፈልገው ደግሞ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ያም ሆኖ ስለዚህ ዕቃ ስናወራ ስለ ሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ እያወራን አይደለም።

ጥቂት ግራም ብረት የሞተርን ጭስ ሁሉ እንዴት ያዳርሳል? መልሱ ዕቃው ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ተቀዶ ሲታይ መሃሉ ላይ የሸክላ ዘር የሆነ ጡብ ተቀምጧል። ጡቡ ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ብለው በሚያልፉ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ በተለመደው ዓይነት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 62 ያህል ቀዳዳ አለ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ አሉሚና በሚባል በጣም ሸካራ ዱቄት ተለብጧል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ጉድጓድና ስንጥቅ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ ከአንድ ሄክታር ያልፋል። አንድ ሄክታር፣ በሁለት እጅ ታቅፈን በምናነሳው ዕቃ ውስጥ! ፕላቲነሙም በዚህ ገጽ ላይ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ በሚለኩ ቅንጣቶች ተበትኗል። ስለዚህ ጋዙ የትም ቢዞር ሽማግሌ ያገኛል።

ሁለት ነገር ካልተሟላ ግን እርቅ የለም።

አንደኛው ሙቀት ነው። ካታሊቲክ ሥራ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ባዶ ቧንቧ በሉት። ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤት ብቻ የሚሄድ መኪና ካታሊቲኩ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል። ዕቃው ከሞተሩ በስንት ርቀት ላይ እንደሚቀመጥ ፋብሪካው በጥንቃቄ የሚወስነውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በያጁ "እዚህ ጋ ይቀለኛል" ብሎ ወደ ኋላ ሲያርቀው እሺ እንዳትሉት!

ሁለተኛው ሚዛን ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በልክ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። ታንከር ሙሉ ነዳጅ ስንቀዳ ከዚያ ጋር ስንት ክብደት አየር እንደምናቃጥል አስቡት! አየሩ ከዚህ ልክ ከበዛ ካርቦን ሞኖክሳይዱ የልቡን ኦክስጅን በነጻ ያገኛል፤ ከናይትሮጅኑ ጋር ለመደራደር ምን አስቸገረው? ናይትሮጅን ኦክሳይዱም እንደ መጣ ያልፋል። ነዳጁ ከበዛ ደግሞ ኦክስጅን ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ጭስ ማውጫው ላይ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ ለመኪናው ኮምፒውተር ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይጨምራል ይቀንሳል፤ በሰከንድ አንድ ሁለት ጊዜ እየተመላለሰ ሚዛኑን ይጠብቃል። ይህን አሠራር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1976 ለካሊፎርኒያ ገበያ መጀመሪያ ያቀረበው ቮልቮ ነው።

የኛ ከፍታም እዚህ ውስጥ ገብቷል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሴንሰር ያለው መኪና ይህን አውቆ ነዳጁን ይቀንሳል። ባለ ካርቡራተር አሮጌ መኪና ግን አያውቅም፤ ነዳጁን በቆላው ልክ ያፈሳል፣ አየሩ አይበቃውም፣ ነዳጁ ሳይቃጠል ይወጣል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ አዲስ ካታሊቲክ ከመግጠም በፊት ካርቡራተሩን ለከፍታው ማስተካከል ይቀድማል።

አሁን ናፍጣ። አብዛኞቹ ሃይሉክሶቻችንና ዲማክሶቻችን በናፍጣ የሚሄዱ ናቸው። የናፍጣ ሞተር ጠባዩ ሌላ ነው፦ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ አየር ይስባል። ጭሱ ውስጥ ነጻ ኦክስጅን ሞልቷል። እንግዲህ ቅድም ያልነውን አስታውሱ፤ ነጻ ኦክስጅን ካለ ምን ይሆናል? ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከሱ ይወስዳል፣ ናይትሮጅኑ ሳይነካ ያልፋል! ስለዚህ የናፍጣ ካታሊቲክ የሚሠራው ለሌላ እርቅ ነው። በአብዛኛው ፕላቲነምና ፓላዲየም ይይዛል፣ ሮዲየም አይጨመርበትም፤ የናፍጣ ጭስ ቀዝቀዝ የሚል በመሆኑም በዝቅተኛ ሙቀት እንዲነሳ ተደርጎ ይቀመማል። የቤንዚኑን ናፍጣ ላይ፣ የናፍጣውን ቤንዚን ላይ ብትገጥሙ ቧንቧው ልክክ ሊል ይችላል፤ ሽማግሌዎቹ ግን የተጠሩበትን ጉዳይ አያውቁትም።

እንግዲህ ጥያቄው ላይ ደርሳችኋል፦ ይህ ሞተር ምን ይተነፍሳል? ካታሊቲክ የሚመረጠው በቧንቧ ስፋት አይደለም፤ ሞተሩ በሚያወጣው ጭስ ነው። የነዳጁ ዓይነት፣ የሞተሩ ሲሲ፣ ጭሱ የሚወጣበት ሙቀትና ፋብሪካው እንዲያሟላ የተገደደበት የጭስ ደረጃ፣ ሁሉም የዚህ ጥያቄ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት መኪናው ሥር ገብታችሁ እዩ። ብዙ አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክሶች ከፋብሪካ ሲወጡም ካታሊቲክ የላቸውም፤ የሌለን ነገር ለመቀየር ገንዘብ አታውጡ። ካለው ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የቆርቆሮው ጎን ላይ የተመታውን ኮድ፣ የሴንሰር ቀዳዳዎቹን ብዛትና ቦታ በስልክ ፎቶ አንሱ። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ለሚገዛላችሁ ወዳጅ "የሃይሉክስ ካታሊቲክ አምጣልኝ" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረውም። ሃይሉክስ በቤንዚንም በናፍጣም፣ በተለያየ ሲሲም መጥቷል።

ከመግዛት በፊት ሌላም አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ይህኛው ነው። ካታሊቲክ ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም፣ ሞተሩ ይገድለዋል። አንድ ካንዴላ እሳት ማቆም ሲጀምር የዚያ ሲሊንደር ቤንዚን ሳይቃጠል ይወጣና ካታሊቲኩ ውስጥ ገብቶ ይነዳል። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሲያልፍ እነዚያ ጥቃቅን የፕላቲነም ቅንጣቶች ተያይዘው ይጓጉላሉ፤ ገጹ ሁሉ ያልቃል። ከባሰ ጡቡ ራሱ ቀልጦ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ መኪናው ከዴዴሳ ሸለቆ ዳገቱን ሲወጣ አቅም የሚያጣው እንዲህ ሲሆን ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ገጹን ይለብጠዋል። ሽማግሌው አለ፣ ግን ተሸፍኗል። ምክንያቱ ሳይጠገን አዲሱን መግጠም ሁለተኛውን ለመግደል መዘጋጀት ነው።

ከሁሉም የከፋው ገዳይ እርሳስ ነበር። ዩጂን ሁድሪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ አሜሪካ ሆኖ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሠርቶ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 የፈጠራ መብት አገኘ፤ ዕቃው ግን በሰፊው መኪና ላይ የገባው ከ1975 ሞዴሎች ጀምሮ ነው። ለምን ያን ያህል ዘገየ? ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ገጹን ስለሚለብጠው! መጀመሪያ ቤንዚኑ መጽዳት ነበረበት። የአፍሪካ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው፣ ከሰሃራ በታች ያለው ክፍል በ2006 መባቻ ባለ እርሳስ ቤንዚንን ተሰናበተ። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። የዛሬው ስጋት ከማደያ ውጭ በጀሪካን የሚሸጥ፣ ላምባ ይቀላቀልበት ምን ይቀላቀልበት የማይታወቅ ቤንዚን ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት በርቶ በኮምፒውተር ሲነበብ "ፒ0420" የሚል ኮድ ከመጣ፣ ኮዱ የሚለው "ካታሊቲኩ በቂ ሥራ እየሠራ አይመስልም" ነው። ሞቷል አላለም። ከሴንሰሩ በፊት ያለች ትንሽ የጭስ ቀዳዳ ወይም ያረጀ ሴንሰር ያንኑ ኮድ ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ ቀዳዳውን ፈልጉ። ከዚያ ዕቃው ሲቀዘቅዝ በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ውስጡ ከተንኳኳ ጡቡ ሳይሰበር አልቀረም።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ኦሪጅናሉ ውድ ነው። ለዚያው ሞዴል ተብሎ በሌላ ፋብሪካ የተሠራው ፍላንጁም የሴንሰር ቀዳዳውም ቦታው ላይ ስለሆነ በብሎን ይታሰራል፤ ለብዙዎቻችን የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። ሦስተኛው ለሁሉም የሚሆን ተብሎ ተቆርጦ የሚበየድ ነው። እሱም ይሆናል፤ ግን ለነዳጁና ለሲሲው የተሠራ፣ በድሮው ቦታ የሚገባና ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው የሚያመለክት መሆን አለበት። ዋጋው እጅግ ከወረደ ውስጡ ያለው ብረት ማነሱን ጠርጥሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 የአንድ አውንስ፣ ማለትም የ31 ግራም ሮዲየም ዋጋ ወደ 29,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ብረት በርካሽ አትረፍርፎ የሚሰጥ ነጋዴ የለም።

ያገለገለ ከሆነ በአንድ ጫፍ ባትሪ አብሩና በሌላው እዩ፤ ብርሃኑ በሁሉም ቀዳዳ ማለፍ አለበት። ጥቁር ጥቀርሻ፣ የቀለጠ ጠርዝ ወይም ባዶ ሆድ ካያችሁ ተዉት። ባዶ ሆድ ስል አልቀለድኩም፤ ጡቡ ወጥቶ ለብረቱ የተሸጠበት ቆርቆሮ ብቻ ሊሸጥላችሁ ይችላል።

"አውጥተን ቀጥታ ቧንቧ እንበይድበት" የሚለውን ምክር አልቀበልም። መንገድ ዳር ቆሎና ሙዝ የሚሸጡት ልጆች አፍንጫቸው ከጭስ ማውጫችን ከፍታ ጋር እኩል ነው። ደግሞም በኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ያሉን መኪናዎች ረጅም ዕድሜ አብረውን መቆየታቸው ነው።

ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ ብየዳ ካለ የመኪናው ባትሪ አስቀድሞ ይፈታ። ከተገጠመ በኋላ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ላይ አታቁሙ፤ የጋለ ካታሊቲክ ያቀጣጥለዋል።

የመጨረሻው ለቤንዚን መኪና ባለቤቶች ነው። መኪናው በደንብ ከሞቀ በኋላ መካኒኩን ከካታሊቲኩ በፊትና በኋላ ያሉትን የሁለቱን ሴንሰሮች መስመር በስክሪኑ ላይ እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ከካታሊቲኩ በፊት ያለው መስመር ወደ ላይ ወደ ታች ሲዘል ታያላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ሲጨምር ሲቀንስ ነው። ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው ግን ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፤ መሃል ላይ ያለው ዕቃ ኦክስጅን ሲበዛ ያስቀምጣል፣ ሲጎድል ያወጣል። ሁለቱም አብረው የሚዘሉ ከሆነ ዕቃው አይሠራም፤ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ወደ ሻጩ ተመለሱ።